ወጣቶችን ወደ ደንና ዱር እንስሳት ሙያ ለማምጣት፦ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

11ኛ ክፍል ግቡና «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት፣ አሁን አሁን ደግሞ የሶፍትዌር ባለሙያ። «የደን ባለሙያ» የሚል ልጅ ካገኛችሁ ወይ አባቱ እዚያ ይሠራሉ፣ ወይ ክፍሉን ማሳቅ ፈልጓል።

ዶክተር እሆናለሁ ያለው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ነጥቡ ሌላ ቦታ ስላላስገባው ደን ይደርሰዋል። ቤት ይደውላል። «ምን ደረሰህ?» «ደን።» «የምን ደን?» ከዚያ ዝምታ። ቀጥሎ የተለመደችው ጥያቄ ትመጣለች፦ «ተምረህ ተምረህ ዘበኛ ልትሆን?»

ሥራው ግን ሰው አጥቶ ቁጭ ብሏል። ከአማዞን ቀጥሎ የዓለማችን ሁለተኛው ትልቁ ሞቃታማ ደን ያለው አፍሪካ ውስጥ፣ ኮንጎ ተፋሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ አገሮች ኤኤፍአር 100 በሚባለው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም እናደርጋለን ብለው ተነሥተዋል። ይህን የሚለካው፣ የሚያቅደውና መሬት ላይ የሚያወርደው ማን ነው? ዛሬ 9ኛና 10ኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ይህ መመሪያ ለወጣቱ ሳይሆን ለሚገፋው ሰው የተጻፈ ነው፤ ለመምህሩ፣ ለእናትና አባት፣ ሙያው ውስጥ ላለው ባለሙያ። ልጅ በስብከት ሙያ አይመርጥም። ሥራውን በዐይኑ ሲያይ፣ በእጁ ሲሞክር፣ እንጀራ እንዳለበት ሲገባው ነው የሚመርጠው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ሊጀመሩ ይችላሉ። ቅደም ተከተላቸውን ባታዛቡ ጥሩ ነው፤ በተለይ ሦስተኛውን ሳትሠሩ አራተኛው ላይ አትዝለሉ።

1. መጀመሪያ ሥራዎቹን ራሳችሁ እወቁ

ብዙ ሰው ደንና ዱር እንስሳት ሲባል የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ ችግኝ መትከልና ጠመንጃ ይዞ መጠበቅ። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ የሙያው ትንሽ ክፍል ግን ናቸው። ልጆቹ ፊት ከመቆማችሁ በፊት የቀረውን እወቁ፤ አለበለዚያ «ከዚያስ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ምላሳችሁ ይተሳሰራል።

አንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ አለ፣ የፓርኩ ኃላፊ አለ፣ እንስሳ የሚቆጥርና የሚያጠና አለ፣ ካርታ የሚሠራ አለ፣ ከአርብቶ አደሩና ከገበሬው ጋር የሚነጋገር የማኅበረሰብ ባለሙያ አለ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ አለ። የእንስሳት ሐኪምም አለ። ቀይ ቀበሮን ውሰዱ። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። ከባድ ጠላቶቹ አንዱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ስለዚህ ገጠር ገብቶ ውሾችን የሚከትብ ሰው ቀይ ቀበሮ እያዳነ ነው። ይህን የእንስሳት ሕክምና መማር ለምትፈልግ ልጅ ንገሯት፤ ዐይኗ ሲበራ ታያላችሁ።

ዩጋንዳዊቷን የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ እያለች የአገሯ የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ሆነች። በዚያው ዓመት ብዊንዲ ደን ውስጥ ጎሪላዎች እከክ ያዛቸው። ምርመራው የጠቆመው በአካባቢው ወዳሉ ሰዎች ነበር። በሽታው ያለበት ልብስ ጎሪላዎቹ በሚደርሱበት ቦታ ይገኝ ነበር። መንደሩ ካልታከመ ጎሪላው አይድንም ማለት ነው። እሷም በ2003 የሰውንም የእንስሳንም ጤና አንድ ላይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። ጤና ጥበቃ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ሳይቀር እዚህ ቦታ አለው።

የደኑ ወገን ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። የዘር ባለሙያ፣ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ የደን ቆጠራ ሠራተኛ፣ የተባይና የእሳት ባለሙያ አለ። እጣንና ሙጫ፣ ቀርከሃ፣ የጫካ ቡና፣ ማር፣ የእንጨት ኢንዱስትሪ፣ ሁሉም ሰው ይፈልጋሉ። አሁን ደግሞ የካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፎች ከአየር ስበው የሚይዙትን ካርቦን ለክቶ መሸጥ፣ መጥቷል። ወላይታ ውስጥ የሁምቦን ተራራ ጠይቁ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ፣ የተቆረጡት ጉቶዎች እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ፣ ደኑ የያዘው ካርቦን ተለክቶ ተሸጧል። የአካባቢው ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ተጠቅመዋል። አስቡት፤ እዚህ ውስጥ ዛፍ የሚለካ አለ፣ የሳተላይት ምስል የሚያነብ አለ፣ ሒሳብ የሚሠራ አለ፣ ማኅበር የሚያደራጅ አለ፣ ውል የሚያዘጋጅ የሕግ ሰው አለ።

በነገራችን ላይ፣ በአፍሪካ ዛፍ በመትከል ስሟን ያስጠራችው ዋንጋሪ ማታይ ደን አልተማረችም። የተማረችው ባዮሎጂ፣ ቀጥሎም የእንስሳት አካል ጥናት ነው። ከሌላ በር የሚገቡ ልጆችን አትመልሱ።

2. ሥራውን የሚሠራ ሰው ፊታቸው አቁሙ

አስር ንግግር ከምታደርጉ አንድ ስካውት ጋብዙ። አቅራቢያችሁ ፓርክ ከሌለ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ አለው። ችግኝ ጣቢያ አለ። ደን የሚያስተዳድር የገበሬ ማኅበር አለ። ከአለቃ ይልቅ ሜዳ ላይ የሚውለውን ምረጡ። ቢሮ የሚውል ሰው ፕሮግራምና ስትራቴጂ ያወራል፤ ሜዳ የሚውለው ትናንት ስላየው ጅብ ያወራል። ልጆች የሚሰሙት ሁለተኛውን ነው።

እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ልጆቹ ጥያቄ ይጻፉ። «ሙያህን ትወደዋለህ?» የምትለውን አውጡ፤ መልሷ ይታወቃል። ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ፦ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ? እዚህ ለመድረስ ምን ተማርክ? የማትወደው የሥራህ ክፍል የቱ ነው? ደመወዝህ ከመስክ አበል ጋር ይበቃሃል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ነውር ትመስላለች። ግን ልጆቹ በሆዳቸው የያዟት እሷን ነው፤ እንግዳውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱና ትጠየቅ።

ከተጋባዦቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። «ጫካ ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚለውን ነገር ክርክር አይሰብረውም፣ ሴት ባለሙያ ትሰብረዋለች። ሴት ባለሙያ ማግኘት ካልቻላችሁ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ አጠገብ ስለሚሠሩት ብላክ ማምባስ ስለሚባሉት ጠባቂዎች ፎቶና ቪዲዮ አሳዩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ መሣሪያ ሳይዙ አጥር ለአጥር እየተዘዋወሩ ወጥመድ ይለቅማሉ።

3. አንድ ቀን ሜትርና ገመድ ይዛችሁ ውጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሽርሽር አይደለም፣ የሥራ ቀን ነው። ራቅ ያለ ፓርክ መሄድ አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የመስጊድ ግቢ፣ የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤቱ ጀርባ ይበቃል። ደን ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስተዳዳሪውን ቄስ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ 50 ሜትር ገመድ፣ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ደብተርና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ አትያዙ፤ ዝናብ ሲነካው ይዘፈዘፋል። ልጆቹን አራት አራት አድርጋችሁ ክፈሉ።

መጀመሪያ መለኪያ ቦታ ያውጡ። 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በገመዱ ጎኖቹ 3 ሜትር፣ 4 ሜትርና 5 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። ፓይታጎረስ «የት ይጠቅመናል?» ለሚለው ልጅ መልሱ እዚህ ነው። ልጆቹ ገብቷቸው መሳቅ ሲጀምሩ የሒሳብ መምህሩን ለምን እንዳልጠራችሁ ትቆጫላችሁ፤ ስለዚህ ጥሩት።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ዛፍ ይለኩ። ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በአብዛኛው ዓለም ያለ የደን ባለሙያ የሚጠቀምበት ከፍታ ይኸው ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከዛፉ በላይኛው በኩል ቆሞ ይለካል። ሜትሩ ግንዱን ሲዞር ወዲያ ወዲህ አይዘቅዝቅ፤ ሐረግ ካለ ከሥሩ ይለፍ። ዙሪያው 110 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ለ3.14 ያካፍሉት። 35 ሴንቲ ሜትር፣ ይኸው የግንዱ ውፍረት።

ቁመቱን በዱላ። ልጁ ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ከጡጫው በላይ ያለው የዱላ ርዝመት ከዐይኑ እስከ ጡጫው ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። አሁን ዛፉን እያየ ወደኋላ ይሂድ። ጡጫው ከዛፉ ሥር፣ የዱላው ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ጋር ሲገጥም ይቁም። ከቆመበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት፣ መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ወደ ዛፉ ቁመት ይጠጋል። መጀመሪያ ማንም አያምንም። ከዚያ የሕንፃውን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የመምህሩን ቁመት መለካት ይጀምራሉ። ተዉአቸው።

በመጨረሻ ቁጠሩ። በ400 ካሬ ሜትሩ ውስጥ 18 ዛፍ ካገኙ በ25 ያባዙት፤ በሄክታር 450 ዛፍ ማለት ነው። ስማቸውንም ይጻፉ፤ ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ባሕር ዛፍ። የማያውቁትን ቅጠሉን ወረቀት መሃል አድርገው ይዘው ሽማግሌ ይጠይቁ። ዋናው ግኝት ብዙ ጊዜ ከሥር ነው፦ ትልልቁን ዛፍ ከቆጠሩ በኋላ የዚያው ዓይነት ትንንሽ ችግኝ ይፈልጉ። ትልቁ ዝግባ አለ፣ ግልገሉ ግን የለም። ለምን? ፍየል ነው? ጥላ ነው? ዘሩን የሚያሠራጭ ወፍ ጠፍቶ ነው? እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እናንተ መልሱን አትናገሩ። ልጁ በራሱ ጥያቄ ተይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ።

4. ክበቡን ከፎቶ አውጡት

በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ክረምት ሲመጣ ችግኝ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አለቀ። በዓመቱ ብትሄዱ ወፍ የለም። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ ሙያውን የሚንቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ባይ ነኝ።

ክበቡ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ይቁጠር። ለእያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ይሰጥ፤ በመዝገብ ላይ ዓይነቱ፣ የተተከለበት ቀን፣ ኃላፊው ልጅ ይጻፍ። በየሦስት ወሩ ይታይ። ከ200 ችግኝ 126ቱ ካሉ 63 በመቶ ጸደቀ ማለት ነው። የሞቱት ለምን ሞቱ የሚለው ይጻፍ፤ ውሃ፣ ከብት፣ ምስጥ፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ፣ ሳይወጣ የቀረ የፕላስቲክ ከረጢት። የዋንጋሪ ማታይ ግሪን ቤልት ንቅናቄ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሲጀመር፣ ሴቶቹ ትንሽ ክፍያ ያገኙ የነበረው ለጸደቀው ችግኝ ነው። ሴትዮዋ በ2004 የሰላም ኖቤልን ተሸልማለች፤ በመዝገብ ላይ ቆጠራ መሥራት የሰነፍ ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ከቻላችሁ ችግኙን ራሳቸው ያፍሉ። ዋንዛ ፍሬው ያጣብቃል፤ ሥጋው ታጥቦ ዘሩ ብቻ መቅረት አለበት። ወይራ ቅርፊቱ ደንዳና ነው፤ ፍሬው ሳይጎዳ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል። የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ሁለት መደብ አድርጋችሁ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ መንገድ ሞክሩ፤ የቱ እንደበቀለ ይመዝገብ። ዩኒቨርሲቲ ሄደው የሚሠሩት ምርምር ከዚህ የሚለየው በመጠኑ ነው።

የዱር እንስሳት ወገን የሚስባቸው ልጆች ወፍ ይቁጠሩ። ወፍ ከተማ ውስጥም አለ፤ ትኬትም መኪናም አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ለ20 ደቂቃ። ቦታና ሰዓት አለመቀያየሩ ነው ቁም ነገሩ። ስልክ ያለው ልጅ ያየውን ለመለየት የሚረዱትን መርሊን ወይም አይናቹራሊስት የሚባሉ ነፃ መተግበሪያዎች ይጫን። አይናቹራሊስት ላይ የመዘገቡት ከዓለም መረጃ ጋር ይቀላቀላል፤ ያነሡትን ፎቶ ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ሲያረጋግጥላቸው ደስታው ሌላ ነው።

5. ቤተሰቡን አትዝለሉት

ልጁን አሳምናችሁ አባቱን ካላሳመናችሁ ከንቱ ድካም ነው። ወላጅ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንጀራ አለው ወይ? ስለ ፕላኔቷ መዳን አትንገሯቸው። ምን ዓይነት ሥራዎች እንዳሉ፣ ማን እንደሚቀጥር፣ ከዲግሪ በኋላ ምን መማር እንደሚቻል ንገሯቸው። መንግሥት፣ ፓርኮች፣ የምርምር ተቋማት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ የቱሪዝም ድርጅቶች፣ የግል ችግኝ ጣቢያ፣ የማርና የእንጨት ሥራ።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩዋንዳ አለች። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአፍሪካ ውጭ የሚመጣ አንድ ጎብኚ የተራራ ጎሪላ ለማየት የሚከፍለው 1,500 ዶላር ነው፤ ከፓርኮቹ ገቢም 10 በመቶ ለአካባቢው ሕዝብ ይመደባል። እንስሳው በሕይወት ስላለ የሚገባ ገንዘብ ነው። አባት ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ።

ግን አትዋሹ። የመንግሥት ደመወዝ ትንሽ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ሩቅ ቦታ መመደብ እንዳለ በግልጽ ተናገሩ። የሴት ልጅ ወላጆች ስለ መኖሪያና ስለ ደኅንነት ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ «ምንም ችግር የለም» ብላችሁ አትለፉት። እዚያ የምትሠራ ሴት ባለሙያ በስልክ ታነጋግራቸው።

6. ትምህርት ቤቱን አብራችሁ ምረጡ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ፣ ሒሳብና ጂኦግራፊ ላይ አይልፈስፈሱ። ሒሳብ ብዬ ስጽፍ የሚገረም አለ። ዘመናዊ የደንና የዱር እንስሳት ሥራ ግማሹ ስታትስቲክስ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቀዳሚው ስም ወንዶ ገነት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ደንንም የዱር እንስሳትንም ያስተምራል። ኮሌጁ ራሱ ደን አጠገብ ነው፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በተፈጥሮ ሀብት፣ በብዝሃ ሕይወትና በኢኮቱሪዝም ያስተምራሉ።

ከአገር ውጭ፣ ግን አፍሪካ ውስጥ፣ ለዚሁ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ምዌካ የዱር እንስሳት ኮሌጅ አለ። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የፓርክ ሰዎችን አሠልጥኗል። ፈረንሳይኛ ለሚችል ካሜሩን ጋሩዋ ያለው የዱር እንስሳት ትምህርት ቤት አለ፤ ኪንሻሳ ደግሞ ስለ ሞቃታማ ደን አያያዝ በድኅረ ምረቃ የሚያስተምረው ኤራይፍት አለ። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር አጠገብ በ1996 የተቋቋመው የደቡባዊ አፍሪካ የዱር እንስሳት ኮሌጅ ለስካውትነት ሳይቀር ሥልጠና ይሰጣል። ለደን ደግሞ የታንዛኒያው ሶኮይኔ፣ የዩጋንዳው ማኬሬሬ፣ የናይጄሪያው ኢባዳን ዩኒቨርሲቲዎች ዘመን ያስቆጠሩ ናቸው።

ሲመርጡ ስም አይዩ፤ ይህን ይጠይቁ፦ በዓመት ስንት ሳምንት መስክ ነው? ላለፉት ተመራቂዎች ሥራ የሰጣቸው ማን ነው? የጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥሪያ) ላቦራቶሪ አለ ወይስ በጥቁር ሰሌዳ ነው የሚማሩት? ዲግሪ ለሁሉም ግዴታ አይደለም። በዲፕሎማ ወይም በሙያ ሥልጠና ገብቶ ሠርቶ የሚያድግ ብዙ ነው፤ ጥሩ ስካውት የሆነ የአካባቢው ልጅ ከተማ ውስጥ ካደገ ማስተርስ ካለው ሰው ይበልጥ የሚያውቅበት ጊዜ አለ።

አሁን ሳይፈልግ የደረሰው ልጅ ጋ እንምጣ። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ ነጥብ አልበቃው ብሎ ደን ገብቷል፤ በልቡ ግን ገና ሌላ ቦታ ነው ያለው። «ዕድልህ ነው፣ ቻለው» አትበሉት። የሚወደውን ነገር ጠይቁትና እዚያው ውስጥ ፈልጉለት። ኮምፒውተር የሚወደው ወደ ሳተላይት ምስልና ካርታ ይሂድ። ሐኪም መሆን የፈለገው ወደ ዱር እንስሳት በሽታ ያዘንብል። ነጋዴ ልብ ያለው ችግኝ ጣቢያ፣ ቀርከሃ፣ ማር። ክርክር የሚወደው ፖሊሲና ሕግ። ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ አንድ መስመር ከያዘ ይረጋጋል።

7. ከትምህርቱ ጎን የሚያዙ ችሎታዎች

ዲግሪ የያዘ ብዙ ነው፤ ካርታ መሥራት የሚችል ግን ጥቂት። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ በይነመረብ ላይ ማስተማሪያው ሞልቷል። ልጁ የቀበሌውን ካርታ፣ ወንዙንና ደኑን ለይቶ፣ እስኪሠራ ድረስ ይለማመድ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ያንን ካርታ ይዞ መግባት ከሰርተፊኬት ክምር ይሻላል። ስታትስቲክስ ለመሥራት አር የሚባለውም ነፃ ነው።

ሌሎቹ ተራ ይመስላሉ። ሞተር ሳይክል መንዳት። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ። የአካባቢ ቋንቋ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሰዎች ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገር የፓርክ ባለሙያ ግማሹን ወሬ ሳይሰማው ያልፋል። ደግሞ አጭር ሪፖርት መጻፍ፤ ምን አየሁ፣ የት፣ መቼ፣ ምን ይደረግ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

8. የመጀመሪያውን የሥራ ልምድ አስገኙለት

«ልምድ ያለው» የምትለዋ ማስታወቂያ ብዙ ተመራቂ ቤት አስቀምጣለች። ልምዱ ከምረቃ በፊት ይጀምር። የክረምት ዕረፍት ላይ ፓርክ፣ ችግኝ ጣቢያ ወይም የምርምር ማዕከል ውስጥ በነፃ ቢሆንም ለሁለት ወር ይሥራ። ለዚህ የእናንተ ደብዳቤና ስልክ ያስፈልገዋል። አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን መሥራት እንደሚችል፣ ከመቼ እስከ መቼ። «ታታሪና ቅን» ከምትሉ «ባለፈው ዓመት 200 ችግኝ ለ12 ወር ተከታትሎ መዝግቧል» በሉ።

ወጣት ተመራማሪን የሚደግፉም አሉ። ራፎርድ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች ለሚሠሩ ጀማሪዎች አነስተኛ ድጎማ ይሰጣል። አይዲያ ዋይልድ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ይሰጣል፤ ካሜራ፣ ጂፒኤስ፣ የርቀት መነጽር። ኮንሰርቬሽን ሊደርሺፕ ፕሮግራም በቡድን የሚመጡ ጀማሪዎችን ይደግፋል። ትሮፒካል ባዮሎጂ አሶሲዬሽን አፍሪካ ውስጥ የመስክ ሥልጠና ያዘጋጃል። ተማሪዎች ደግሞ ኢፍሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ የደን ተማሪዎች ማኅበር በኩል ከሌላ አገር ልጆች ጋር ይገናኛሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ስኮላርሺፕ አግኝተሃል፣ ለማስያዣ ይህን ያህል ላክ» የሚል መልእክት ማጭበርበር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃል፤ እሱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በቴሌግራም የሚመጣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላይ ማንም ብር እንዳይልክ አስጠንቅቁ።

9. ክፉውንም ንገሩ

ይህ ሥራ ይገድላል። ኮንጎ ውስጥ የቪሩንጋ ፓርክ በታሪኩ ከ200 በላይ ጠባቂዎቹን አጥቷል። ሁሉም ፓርክ እንደዚያ አይደለም፤ ግን ግጭት፣ ወባ፣ ከሰው መራቅ፣ አበል መዘግየት፣ «ለእንስሳ ስትል እኛን ከመሬታችን ታፈናቅላለህ» የሚል የገበሬ ቁጣ አለ። ቁጣውም ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። አፍሪካ ውስጥ ብዙ ፓርክ ሲከለል የነበሩትን ሰዎች የጠየቃቸው የለም። ይህን ታሪክ ሳያውቅ የተመደበ ባለሙያ መጀመሪያ የሚማረው ከስድብ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመግባቱ በፊት ከብት የሚያግዱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

ከዚያ በኋላም ከገባ፣ አውቆ ገብቷል።

10. ከተመደበ በኋላ ደውሉ

ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይለቃል። መብራት የሌለበት ቦታ፣ ከጓደኞቹ ርቆ፣ አለቃው የማያናግረው። በወር አንድ ጊዜ ደውሉ። «እንዴት ነህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ምን እንዳየ፣ ምን እየመዘገበ እንደሆነ፣ ማን ጋር እንደሚበላ ጠይቁት።

ልቀቅ ልቀቅ ካለው ሁለት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፤ የጠላው ሥራውን ነው ወይስ ቦታውን? ቦታውን ከሆነ ዝውውር መጠየቂያ ደብዳቤውን አብራችሁ ጻፉ፤ እስኪፈቀድለት ድረስ የሰበሰበውን መረጃ በደንብ ያስቀምጥ፣ ለማስተርስ ማመልከቻው እሱ ነው የሚያስፈልገው። ሥራውን ከሆነ ግን አትጫኑት። ቅር ሳይለው ይልቀቅ፤ የካርታውና የስታትስቲክሱ ችሎታ ሌላ ቦታ ያሠራዋል።